ዓፄ ምኒልክና የሰው ማደሪያ

ሰው ለመኖር ምግብ፥ ልብስና ቤት ያስፈልጉታል። ከነዚህም ከሦስቱ ቤት ልዩ ነገር አለው። ምግብና ልብስ ከሰው ጋራ ወደ ሄደበት ይሄዳሉ፤ ቤት ግን በመሬት ላይ የተተከለ ስለ ሆነ ሊሄድ አይችልም። ስለዚህ ቤት ለመሥራት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ቦታ ማግኘት አለበት፤ ቦታውንም ማንም እንዳይነጥቀው ማረጋገጥ ይገባዋል። ግድግዳ ቢያዘነብል ይቃናል፥ ክዳን ቢያፈስ ይታደሳል። ቦታው የተወሰደበት ሰው ግን ቤቱ ምንም ያማረ ቢሆን ባዶ እጁን ይቀራል።

እናንተ የይፋት ልጆች ይህን ነገር በቅርብ ልታዩት ትችላላችሁ። በይፋት ቆላ ኖራ የሚባል የጥንት ከተማ ፍርስራሽ አለ። ከ600 ዓመት በፊት፥ የይፋት ሡልጣኖች በሚገዙበት ዘመን፥ ሰው ይኖርበት ነበረ። ቤቶቹ በድንጋይ የተሠሩ ነበሩ፤ የመስጊዱም ግድግዳ ብዙ ዘመን ዐልፎበት ቆሞ ታይቷል፤ የሚኖርበት ሰው ግን የለም። እንደዚሁም በ2013 ዓ. ም. በዚሁ በይፋት የአጣዬ ከተማ በተቃጠለ ጊዜ፥ ብዙ ዘመን የተደከመበት ቤት በጥቂት ቀን ዐመድ ሲሆን ታይቷል። እንግዲህ ከተማን የሚያጸናው ድንጋይ ወይም እንጨት ብቻ እንዳልሆነ ግልጥ ነው።

ሌላ ምን ያስፈልጋል? ይህን ለመረዳት የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ እንመልከት። ስለ ጦርነታቸው ብዙ ተጽፏል፤ እኛ ግን ስለ ሰው ማደሪያ ያደረጉትን እንናገራለን። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲዛወሩ የኖሩ ሰው ነበሩና፥ ነገሩ ለእሳቸው እንግዳ አልነበረም።

ምኒልክ በነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ. ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አንጎለላ በደብረ ብርሃን አጠገብ ያለ ስፍራ ነው። አባታቸው ኃይለ መለኮት፥ እናታቸው እጅጋየሁ፥ አያታቸውም የሸዋ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ይባላል።

የሣህለ ሥላሴ ዋና ከተማ አንኮበር ነበረች። አንኮበር ከይፋት በላይ ባለው ተራራ ጫፍ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ከእርስዋ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ቆላውን እስከ አዋሽ በረሃ አቅጣጫ ድረስ ያያል። ነገሥታቱ ይህን ስፍራ የመረጡት ለማማሩ ብለው አይደለም። ጠላት ሲመጣ ከሩቅ ይታያል፤ መንገዱም ቀጥ ያለ ዐቀበት ስለ ሆነ ለመከልከል ይመቻል። ደግሞም በቆላው ያለው ንዳድ ወደዚያ ከፍታ አይወጣም። ነገር ግን በተራራ ጫፍ የሚኖር ሰው በብርድ ይኖራል፥ ውሃውንና እንጨቱንም ከታች ተሸክሞ ይወጣል።

አንኮበር ያለ ይፋት ልትኖር አትችልም ነበር። ማሽላውና ጥጡ ከቆላ ይወጣ ነበር። ከአንኮበር በታች ባለችው በአልዩ አምባ ገበያ ዐማራው፥ አርጎባውና አፋሩ በአንድነት ይገበያዩ ነበር፤ ጨውና የባሕር ማዶ ዕቃም ከታጁራ ወደብ በግመል እየተጫነ በዚያ በኩል ይመጣ ነበር። ያን ጊዜ አርጎባዎች በገደሉ አፋፍ ላይ በድንጋይ በተሠራ ቤት ሲኖሩ፥ በላይ ያለው የንጉሥ ከተማ አብዛኛው ቤት ግን በእንጨትና በጭቃ የተሠራ የሣር ክዳን ነበረ። ይህ ነገር የሚያስገርም ነው። ምክንያቱን ግን ኋላ እናገኘዋለን።

በ1848 ዓ. ም. ዓፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሊያስገብሩ መጡ። በዚያው ወራት ኃይለ መለኮት ታመው ሞቱ። ምኒልክ የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ ተይዘው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ቴዎድሮስ እንደ እስረኛ ብቻ ሳይሆን እንደ ልጅ አሳደጓቸው፤ ልጃቸውንም አልጣሽን ዳሩላቸው። ይሁን እንጂ ከአባቱ አገር ተወስዶ የሚያድግ ልጅ፥ ምንም ጥሩ ቢበላና ጥሩ ቢለብስ፥ ቤቱ የራሱ እንዳልሆነ ያውቃል።

ምኒልክ ወደ ዐሥር ዓመት ያህል በመቅደላ ከኖሩ በኋላ በ1857 ዓ. ም. ሌሊት ከአምባው ወርደው አመለጡ። በወሎ ወይዘሮ ወርቂት ረድተዋቸው ወደ ሸዋ ተሻገሩ። የሸዋም ሰው የንጉሡ የልጅ ልጅ መጣልን ብሎ በደስታ ተቀበላቸው፤ ምኒልክም አንኮበር ገብተው ነገሡ። ከዚህ በኋላ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፥ በ1860 ዓ. ም. እንግሊዞች መቅደላን አቃጠሉት። ምኒልክ ያደጉበት ቤት ሁሉ ጠፋ።

አሁን የዚያን ዘመን ከተማ ምን ይመስል እንደ ነበረ መረዳት ያስፈልጋል። ሰፈር የምንለው ቃል ሰፈረ ከሚለው የወጣ ነው። ሰፈረ ማለት ሁለት ትርጓሜ አለው። አንዱ እህልን በቁና መለካት ነው፤ ሁለተኛው ሠራዊት ድንኳን ተክሎ ማረፍ ነው። የነገሥታቱ ከተማ በሁለተኛው ትርጓሜ ሰፈር ነበረ። የንጉሡ ድንኳን በመካከል ከፍ ካለ ቦታ ላይ ይተከላል። በፊት ፊታውራሪ፥ በቀኝ ቀኛዝማች፥ በግራ ግራዝማች፥ በኋላ ደጀን ይሰፍራሉ። የማዕርጉ ስም ራሱ ሰውየው የት እንደሚሰፍር ይናገራል። ሌሊትም ቢሆን እያንዳንዱ ወታደር የጌታውን ድንኳን ሳይስት ያገኝ ነበር። ሥርዓቱ ያማረ ነው፤ ነገር ግን የሚሄድ ሥርዓት ነው። በዙሪያው ያለው እንጨት ሲያልቅ፥ ሣሩም ሲጋጥ፥ የባላገሩ ጎተራ ሲራቆት፥ ሠራዊቱ ተነሥቶ ሌላ ስፍራ ይሄዳል። የሚነሣ ሰው ደግሞ የድንጋይ ቤት አይሠራም። በላይኛው ከተማ የሣር ቤት፥ በታችኛው መንደር የድንጋይ ቤት የነበረበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ምኒልክም ይህንኑ ልማድ ተከተሉ። ከአንኮበር ወደ ልቼ ሄዱ፤ ልቼ በደብረ ብርሃን አጠገብ ናት። በ1870 ዓ. ም. ከዓፄ ዮሐንስ ጋራ የታረቁት በዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ግዛታቸው ወደ ደቡብ እየሰፋ ስለ ሄደ፥ አንኮበርና ልቼ ከዳር ቀሩ። ስለዚህ ወደ እንጦጦ ተራራ ወጡ። በ1875 ዓ. ም. ያገቧቸው እቴጌ ጣይቱ ብጡልም አብረዋቸው በእንጦጦ ይኖሩ ነበር።

እንጦጦ እንደ አንኮበር ተራራ ነው። ብርዱ ጽኑ ነው፥ ነፋሱና የክረምቱ መብረቅ ያስፈራል። እንጨቱም ቶሎ አለቀ። ከእንጦጦ በታች ግን ሰፊ ሜዳ አለ፤ በሜዳውም ላይ ከመሬት የሚፈልቅ ሙቅ ውሃ ነበረ። ስፍራው ፊንፊኔ ይባል ነበር። ጣይቱ ለመታጠብና ከብርዱ ለማረፍ ወደዚያ ይወርዱ ነበር፤ ስፍራውንም ስለ ወደዱት በዚያ ቤት ተሠራ። በ1879 ዓ. ም. ነው። ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። በዚያው ዓመት ምኒልክ በጨለንቆ ተዋግተው ሐረርን ያዙ።

ልጆች ሆይ፥ ፊንፊኔ ባዶ ምድር አልነበረም። የጉለሌ ኦሮሞዎችና ሌሎችም የቱለማ ወገኖች ከብት ያሰማሩበት፥ እርሻ ያረሱበት፥ ሙታናቸውን የቀበሩበት አገራቸው ነበረ። ከተማው ሲቆረቆር ቦታው በጦር ኃይል የተያዘ ስለ ነበረ፥ እነርሱ ተገፍተው ለቀቁ፤ የቀሩትም ለሌላ ጌታ ገበሩ። አዲስ አበባ ተቆረቆረች ብሎ በደስታ የሚጽፍ ሰው ይህን ሊዘል አይገባውም። ለአንዱ መኖሪያ የተሰጠው ስፍራ ከሌላው የተወሰደ ነበርና።

አንኮበርም ተለወጠች። በዚሁ በ1879 ዓ. ም. ሬምቦ የሚባል ፈረንሳዊ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ በበረሃው አንኮበር መጣ። ይህ ሰው በወጣትነቱ ባለቅኔ የነበረ፥ በኋላ ግን ነጋዴ የሆነ ነው። ብዙ ወራት ደክሞ አንኮበር ሲደርስ ንጉሡን አጣ። ምኒልክ ወደ እንጦጦ ሄደዋልና ነጋዴውም ከጠመንጃው ጋራ ተከትሏቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ የንግዱ መንገድ እየተወ ወደ ሐረር ዞረ፤ የአልዩ አምባም ገበያ እየቀነሰ መጣ። ንጉሥ ቤቱን ሲለውጥ የቤቱ ባለቤት ብቻ አይደለም የሚጎዳው ወይም የሚጠቀመው፤ በመንገዱ ላይ ያለው ባለሱቅ፥ ባለግመልና እንጀራ ሻጭ ሁሉ ይነካል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ምኒልክ በአዲስ አበባ ቦታ ያከፋፈሉት በዚያው በሰፈር ሥርዓት ነው። ግቢያቸውን ከፍ ካለው ኮረብታ ላይ አደረጉ። ለያንዳንዱ መኰንን በየኮረብታው ሰፊ ቦታ ሰጡት፤ መኰንኑም በመካከል ቤቱን ሠራ፥ ወታደሮቹና አሽከሮቹም በዙሪያው ጎጆአቸውን ተከሉ። የራስ መኰንን፥ የደጃች ውቤ፥ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር እየተባለ የሚጠራው ከዚህ የተነሣ ነው። ለእጅ ሥራ ዐዋቂዎችም ስፍራ ተሰጥቶ ሠራተኛ ሰፈር ተባለ። በሰፈርና በሰፈር መካከል ወንዝና ገደል፥ ባዶ ሜዳም ነበረ። ስለዚህ ከተማው እንደ አውሮፓ ከተማ ቤት ከቤት የተጋጠመ አልነበረም፤ ብዙ መንደሮች ተበታትነው እንደ ተቀመጡ ያለ ነበረ።

ይህ አከፋፈል አንድ መልካም ነገር ነበረው። የመኰንኑ እልፍኝና የአሽከሩ ጎጆ ጎን ለጎን ነበሩ። ባለጠጋው ለብቻው፥ ድኻውም ለብቻው በሌላ ወገን አልተለየም። ብዙ አገሮች በኋላ ዘመን ይህን በሕግ ለማምጣት ደክመዋል፤ በአዲስ አበባ ግን ከሰፈር ልማድ ሳይታሰብ የመጣ ነው።

ጉድለቱ ግን ከባድ ነበረ። ቦታው የተሰጠው በንጉሡ ቃል ነው። መኰንኑ ቢጣላ ወይም ቢሻር ቦታው ሊወሰድ ይችላል። የአሽከሩ ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። እርሱ ቦታውን ያገኘው ከጌታው ነው፤ ጌታው ሲነሣ እርሱም ይነሣል። ማገሩን ያሰረ፥ ጭቃውን ከጭድ ጋራ ያቦካ፥ ምርጉን የመረገ፥ ሣሩንም የከደነ እርሱ ሆኖ ሳለ፥ ሲወጣ የሚወስደው ምሰሶና ወጋግራውን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዛፍ አይተክልም፥ ጉድጓድ አይቆፍርም፥ አጥርም አያጠነክርም። ስንፍና አይደለም፤ ለማን ብሎ?

ምኒልክ በጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ. ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። ጊዜው የክፉ ቀን ነበረ። ከብቱ በበሽታ አለቀ፥ በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አልቻለም፥ ብዙ ሕዝብ በረኀብ ሞተ። ንጉሠ ነገሥቱ በሬ ለጠፋበት ሕዝብ ምሳሌ ይሆኑ ዘንድ በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። እህል ለመለመን ወደ ግቢው የመጣው ሰውም ብዙ ነበረ፤ ከሞት የተረፈው አንዳንዱ በዚያው ቀረ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. በዓድዋ ድል ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከተማው ይበልጥ አደገ። የውጭ አገር መንግሥታት ወኪሎቻቸውን ላኩ፤ ሕንዶች፥ አርመኖችና ግሪኮች ለሥራና ለንግድ መጡ፤ በድንጋይና በኖራ የሚሠራ ግንብም ታየ።

ነገር ግን እንጨቱ አለቀ። በሺህ የሚቈጠር ምድጃ በየቀኑ ይነዳል፥ በሺህ የሚቈጠር ጎጆ ምሰሶና ማገር ይፈልጋል። ሴቶችና አህዮች እንጨት ለማምጣት ሩቅ ይሄዱ ጀመር። በድሮው ልማድ ቢሆን መድኀኒቱ የታወቀ ነው፤ ተነሥቶ መሄድ ነው። ምኒልክም ይህንኑ አሰቡ። በ1893 ዓ. ም. አካባቢ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ደን ባለበት ስፍራ አዲስ ከተማ ማሠራት ጀመሩ፤ ስሙንም አዲስ ዓለም አሉት። ቤተ መንግሥቱም ተጀመረ።

ይሁን እንጂ በዚህ ጊዜ ከተማው አልነሣ አለ። የውጭ አገር ወኪሎች ግንብ ሠርተዋል፤ ነጋዴዎች ሱቅና መጋዘን ተክለዋል፤ ያን ሁሉ እንደ ድንኳን ነቅሎ በበቅሎ መጫን አይቻልም። ደግሞም አንድ ረዳት ተገኘ፤ ይኸውም ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ የአውስትራልያ ዛፍ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ የገባውም በ1887 ዓ. ም. ገደማ ነው። ሌላው ዛፍ ለማደግ ብዙ ዐሥር ዓመት ሲፈልግ፥ ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ለአጥርና ለማገር፥ ጥቂት ቈይቶም ለምሰሶ ይደርሳል። ቢቈረጥም ከጉቶው መልሶ ያቈጠቁጣል። ውሃ አብዝቶ ስለሚጠጣ ምንጭ ያደርቃል የሚሉ አሉ፥ ከሥሩም ሌላ እህል እንደ ልብ አይበቅልም። ቢሆንም አዲስ አበባን በስፍራዋ ያስቀራት እርሱ ነው። ምኒልክ ሰዎች እንዲተክሉት አደፋፈሩ፤ የእንጦጦም ተራራ ከጊዜ በኋላ በባሕር ዛፍ ተሸፈነ። የአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ወደ ቤተ ክርስቲያን ተለወጠ፤ ዛሬም አዲስ ዓለም ማርያም ይባላል።

ውሃም እንዲሁ። አልፍሬድ ኢልግ የሚባል የስዊስ መሐንዲስ ከ1871 ዓ. ም. ጀምሮ በምኒልክ ዘንድ ይሠራ ነበር። እርሱ ከእንጦጦ ምንጭ ውሃን በቧንቧ ወደ ግቢው አወረደ። ውሃ ከላይ ወደ ታች በቧንቧ እንደሚሄድ ያላዩ ሰዎች በጣም ተደነቁ። ውሃው ለግቢው ብቻ ነበር፤ ለሌላው ሰው የደረሰው ብዙ ቈይቶ ነው። ነገር ግን ቧንቧ የተቀበረበት መሬት እንደ ድንኳን ሜዳ በቀላሉ አይተውም።

እንጨትና ውሃ ተገኙ። የቀረው ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ እርሱም የቦታው መብት ነው። በ1900 ዓ. ም. አካባቢ ምኒልክ ስለ አዲስ አበባ ቦታ ሕግ አወጡ። በዚህ ሕግ በከተማው ውስጥ ያለ ቦታ የሚሸጥና የሚገዛ ሆነ፤ ባለቦታውም በወረቀት የተጻፈ ማስረጃ እንዲይዝ ተደረገ። የውጭ አገር ሰውም ሕጉን ተከትሎ ሊገዛ ይችል ነበር።

በገጠር መሬት በገመድ ይለካ ነበር፤ ገመዱ ቀላድ፥ የተለካውም ጋሻ ይባላል። ጋሻ ግን ለእርሻ የሚሆን ትልቅ ልክ ነው። ለከተማ ግን ቤቱ፥ ጓሮውና መተላለፊያው ሁሉ በየራሱ መለካት አለበት። ለኪዎቹ ድንበሩን ያያሉ፤ በስተ ምሥራቅ ማን እንዳለ፥ በስተ ምዕራብ ማን እንዳለ ይጽፋሉ፤ ጎረቤቶችም ይመሰክራሉ። ከዚህ በኋላ በመዝገብ ይገባል። ቃል ይረሳል፥ የሰማውም ሰው ይሞታል፤ መዝገብ ግን ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ለልጁ ይመሰክርለታል። ወረቀት የያዘ ሰው በቦታው ላይ ብዙ ይደክማል፤ ግንብ ይሠራል፥ ቆርቆሮ ያለብሳል፥ የሚያፈራ ዛፍ ይተክላል።

ይህን ሕግ ሳመሰግን የጎደለውንም እናገራለሁ። ወረቀቱን በቀላሉ ያገኘው ቀድሞ ሰፊ ቦታ የተሰጠው መኰንን ነበረ። ከዚህ በፊት ንጉሡ ሊወስድበት ይችል የነበረው ቦታ፥ አሁን የራሱ ሆኖ የሚሸጥ ዕቃ ሆነለት። በዙሪያው ጎጆ የነበረው አሽከር ግን አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት አላገኘም። ከጥገኝነት ወደ ተከራይነት ተዛወረ እንጂ ባለቤት አልሆነም። ከተማው እያደገ በሄደ መጠን ቦታው እየተወደደ ሄደ፤ ትርፉም ለጥቂቶች ሆነ። ከጉለሌ የተገፉትስ? ለእነርሱ የተጻፈ ወረቀት አልነበረም። እንግዲህ ሕጉ መብትን ማጽናት ቢያውቅም፥ ለማን እንደሚያጸና አጥብቆ አልጠየቀም።

በዚህ ዘመን ገደማ ምኒልክ በጽኑ ታመሙ። ሰውነታቸው እየደከመ፥ አንደበታቸውም እየተያዘ ሄደ። ኢያሱን ወራሻቸው አደረጉ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ. ም. በ69 ዓመታቸው ዐረፉ፤ ሞታቸውም ለጊዜው ለሕዝብ አልተነገረም። ዐፅማቸው በመጨረሻ በአዲስ አበባ በበአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐረፈ። ስንት ጊዜ ከተማ የለወጡ ንጉሥ የተቀበሩት ሳይነሣ በቀረው ከተማ ነው።

ከእሳቸው በኋላ የመኖሪያ ነገር ብዙ ጊዜ ተለዋወጠ። የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ ገባ። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. ድረስ ከተማውን በያዙ ጊዜ ነጭንና አገሬውን በሰፈር ለመለየት አሰቡ፤ ትልቁንም ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩ። የምኒልክ ዘመን ልማድ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነበረ። እነዚሁ ሰዎች ወደ ደሴ የሚሄደውን የመኪና መንገድ በጣርማ በር ዋሻ በኩል አወጡት፤ መንገዱም ወደ ይፋት ቆላ ወረደ። በዚህ መንገድ ዳር ያሉት ደብረ ሲና፥ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ እያደጉ ሲሄዱ፥ ጥንት የነገሥታት ከተማ የነበረችው አንኮበር ግን ትንሽ ከተማ ሆና ቀረች።

በሐምሌ ወር 1967 ዓ. ም. ደግሞ ደርግ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን ሁሉ የመንግሥት አደረገ። ከምኒልክ ሕግ የመጣው የቦታ ሽያጭ በዚህ ቆመ። ተከራዩ ብዙ ዘመን በሰው ቤት የኖረ ስለ ነበረ ደስ አለው፤ ኪራዩም ቀለለለት። ነገር ግን የራሱ ስላልሆነ የሚያፈሰውን ጣራ ማን ያድሰው? ቀበሌው ገንዘብ የለውም፥ ተከራዩም መብት የለውም። የሰፈር ዘመን ጥያቄ በሌላ ልብስ ተመለሰ። በ2016 ዓ. ም. በፒያሳ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው አሮጌ መንደር ሲፈርስ፥ ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ። አንዳንዱ የተሻለ ቤት አገኘ፤ ነገር ግን ለብዙዎች የዕድር፥ የገበያና የጉርብትና ገመድ ተበጠሰ።

ዛሬ ይህን ሥራ ሙያው አድርጎ የሚይዝ ሰው ብዙ ነው። አንዱ ቦታ ይለካል፥ አንዱ መዝገብ ይጠብቃል፥ አንዱ ሕጉን ያረቃል፥ አንዱም የድኻ ቤት በስንት ብር እንደሚሠራ ያሰላል። ከእናንተም መካከል ወደዚህ ሥራ የሚገባ ይኖር ይሆናል። እንዲህ ያለው ልጅ ሒሳብ ማወቅ አለበት፤ በአንድ ክንድ ስሕተት ሁለት ጎረቤቶች ዕድሜ ልክ ይጣላሉና። ሕግ ማንበብም ይገባዋል። ከሁሉ ይልቅ ግን ወረቀት የሌለውን ሰው ቁጭ ብሎ ማዳመጥ መቻል አለበት፤ ይህ ደግሞ በትምህርት ቤት ብቻ አይገኝም።

በሸዋ ሮቢት ድንበር ሲያከራክር የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ሜትር ይዘው ወደ ቦታው ይወርዳሉ። ሽማግሌዎችም ተጠርተው በጥላ ሥር ይቀመጣሉ። መዝገቡ ይገለጣል፥ ካርታው ይዘረጋል፤ ካርታውና ሽማግሌዎቹ ባልተስማሙ ጊዜ ዶማ ይመጣና የድሮው የድንበር ድንጋይ ከአፈር ሥር ይፈለጋል።